የዕቃ ምርጫና ዋጋ በኦንላይን ሱቅ፦ ለጎንደር የባህል ልብስ ሻጮች ዝርዝር መመሪያ

ከቴሌግራም ሽያጭ ወጥተው በዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ) እና በዉኮመርስ (በዎርድፕረስ ላይ የሚጫን የሱቅ ፕሮግራም) የራሳቸውን ሱቅ የከፈቱ የባህል ልብስ ነጋዴዎች የሚያነሱት ችግር ተመሳሳይ ነው። ደንበኛዋ መጠኑንና ጥለቱን መርጣ የመግዣው ቁልፍ አይሠራላትም። ገጹ ላይ ያየችው ዋጋ ጋሪ (የመረጠችው ዕቃ የሚጠራቀምበት ገጽ) ውስጥ ሌላ ሆኖ ይጠብቃታል። ወይም ትእዛዙ «ቀሚስ፣ 1» ብሎ ብቻ ይመጣና የትኛው ጨርቅ፣ የትኛው ጥለት እንደሆነ ደውሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል። አብዛኛው ጊዜ ምክንያቱ ቅደም ተከተሉ መዘለሉ ነው። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በተራ ሥሩ፤ አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትለፉ።

በምሳሌነት የምንይዘው አንድ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ዋጋዎቹ ለማስረዳት ያህል የተቀመጡ ስለሆኑ በራሳችሁ ተኩ። የቁልፎቹን ስም የጻፍኩት እንግሊዝኛው እንደሚነበበው ነው።

ደረጃ 1፦ ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ ወረቀት ላይ ጨርሱ

ለእያንዳንዱ ምርጫ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ሲቀየር ዋጋው ወይም መደርደሪያ ላይ ያለው ብዛት ይቀየራል?

ሀ. አዎ ከሆነ «ቫሪዬሽን» (የራሱ ዋጋና ብዛት ያለው የዕቃው ዓይነት) ይሆናል። ጨርቅ፣ መጠንና የጥለት ቀለም እዚህ ይገባሉ።

ለ. ደንበኛው ራሱ የሚጽፈው ወይም በትእዛዝ የሚሠራ ከሆነ (ስም ማስጠለፍ፣ በልክ ማሰፋት) ተጨማሪ አገልግሎት ነው። ቫሪዬሽን አታድርጉት።

ሐ. መረጃ ብቻ ከሆነ (አስተጣጠቡ፣ የት እንደተሸመነ) በመግለጫው ውስጥ ይጻፍ።

አሁን ቁጥሩን አስሉ። ጨርቅ 2 (ፈትልና መነን)፣ መጠን 3 (ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ)፣ ጥለት 3 (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ) ቢሆን 2 × 3 × 3 = 18 ቫሪዬሽን ይወጣል። በዚህ ላይ «ከነጠላ ጋር» እና «ያለ ነጠላ» የሚል ምርጫ ብትጨምሩ 36 ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዉኮመርስ እስከ 30 ቫሪዬሽን ድረስ ሁሉንም ከገጹ ጋር አብሮ ይጭናል፤ የሌለውን ጥምረትም ደንበኛው ገና ሲመርጥ ይደብቅለታል። ከ30 ሲያልፍ ግን ምርጫው በተሟላ ቁጥር ሰርቨሩን (ሱቁ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር) መጠየቅ ይጀምራል፤ የሌሉ ጥምረቶችም ሳይደበቁ ይቀራሉ። ኔትወርኩ ደካማ በሆነ ስልክ ላይ ይህ ማለት የሚሽከረከር ክብ እያዩ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ነጠላውን ራሱን የቻለ ዕቃ አድርጉና በቀሚሱ ገጽ «ሊንክድ ፕሮዳክትስ» በሚለው ክፍል «ክሮስ ሴልስ» ውስጥ አስገቡት። ጋሪው ላይ ደንበኛዋ ልትጨምረው የምትችል ዕቃ ሆኖ ይወጣል፤ ለብቻው መሸጡም አይቀርም።

ቀጥሎ የ18ቱንም የመጨረሻ ዋጋ በዝርዝር ጻፉ። መነሻው መነን፣ መካከለኛ፣ ቀይ ጥለት 4,600 ብር ነው እንበል። ትልቅ ሲሆን 300፣ ፈትል ሲሆን 2,000፣ ወርቃማ ጥለት ሲሆን 400 ይጨመራል። ስለዚህ ፈትል፣ ትልቅ፣ ወርቃማ 7,300 ብር ይሆናል።

ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የቫሪዬሽን የዋጋ ሳጥን ልዩነትን አይቀበልም፤ የሚቀበለው ሙሉውን ዋጋ ነው። «ለትልቅ 300 ይጨመራል» ብላችሁ 300 ብትጽፉ ቀሚሱ በ300 ብር ለገበያ ቀረበ ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ ሙሉውን ዋጋ መጻፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

በመጨረሻም የማትሠሩትን ጥምረት በቀይ ሰርዙ። ፈትሉን በትንሽ መጠን የማታሰፉ ከሆነ ሦስቱንም ጥለት ሰርዙ። 15 ይቀራሉ።

ደረጃ 2፦ አጠቃላይ ቅንብሩን አስተካክሉ

1. በዉኮመርስ «ሴቲንግስ» ውስጥ ገንዘቡን የኢትዮጵያ ብር አድርጉ። የሺ መለያው ኮማ፣ የሳንቲም መለያው ነጥብ ይሁን። ዋጋ ስታስገቡ ግን ኮማ አትጻፉ፤ 4600 እንጂ 4,600 አይደለም። ኮማውን ለደንበኛው ራሱ ያሳያል።

2. በዎርድፕረስ ቅንብር ውስጥ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉ። ይህ ካልተስተካከለ ደረጃ 6 ላይ የምታወጡት የበዓል ቅናሽ በተሳሳተ ሰዓት ይጀምራል።

3. የቫት ተመዝጋቢ ካልሆናችሁ የግብር ስሌቱን አታብሩት። ከሆናችሁ ግን ዋጋ ቫትን ጨምሮ እንደሚገባ ምረጡ፤ ደንበኛ ጋሪው ላይ ድንገት የተጨመረ 15 በመቶ ሲያይ ጥሎ ይሄዳል። ከ4,600 ውስጥ ቫቱን ለማወቅ ለ1.15 አካፍሉ፦ 4,000 የዕቃው፣ 600 የቫቱ ነው። ከ4,600 ላይ 15 በመቶ ቀንሳችሁ 3,910 ካወጣችሁ በእያንዳንዱ ቀሚስ 90 ብር ተሳስታችኋል። የቫት ተመዝጋቢዎች የሳንቲም ቦታውንም (ከነጥብ በኋላ የሚታዩትን አሃዞች) 2 አድርጉት፤ ሌሎች 0 ይበቃቸዋል።

ደረጃ 3፦ ምርጫዎቹን አንድ ጊዜ ብቻ መዝግቡ

«ፕሮዳክትስ» ከሚለው ሥር «አትሪቢዩትስ» (የምርጫ ዓይነቶች መዝገብ) ክፈቱ። ጨርቅ፣ መጠን፣ ጥለት ብላችሁ ሦስቱን እዚህ ፍጠሩ። በየዕቃው ገጽ ውስጥ አዲስ መጻፍም ይቻላል፤ ግን ሃያ ዕቃ ከደረሳችሁ በኋላ ደንበኛው በጥለት ቀለም እንዲያጣራ ማድረግ አትችሉም። ስለዚህ ከመጀመሪያው በጋራ መዝገቡ ጀምሩ።

በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች እዚህ ሁለት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው «ስለግ» የሚባለው ሳጥን ነው፤ ስለግ ሲስተሙ ምርጫውን በውስጥ የሚለይበት አጭር ስም ነው። ባዶ ከተዋችሁት ከአማርኛው ስም ራሱ ይሠራዋል። የአትሪቢዩት ስለግ ገደብ 28 ቦታ ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በኮምፒውተሩ አቆጣጠር ሦስት ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከ9 ፊደል ያለፈ ስም «በጣም ረዘመ» ተብሎ ይመለሳል። ስሙን በአማርኛ፣ ስለጉን በላቲን ፊደል አጭር አድርጋችሁ ጻፉ። የምርጫዎቹንም (ቀይ፣ አረንጓዴ) ስለግ እንዲሁ አድርጉ። ዕቃ ከገባ በኋላ ስለግ መቀየር ቫሪዬሽኖችን ሊያበላሽ ስለሚችል አሁኑኑ ጨርሱት።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። አንዱ ሠራተኛ «አረንጓዴ»፣ ሌላው «ዓረንጓዴ» ብሎ ቢያስገባ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ናቸው። ክምችቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ደንበኛም ሁለት አረንጓዴ ያያል። «ሰማያዊ» እና «ሠማያዊ»ም እንደዚያው። አጻጻፉን ወስኑ፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኮምፒውተሩ አጠገብ ለጥፉ፤ ሠራተኛው አዲስ ከመጻፍ ይልቅ ከዝርዝሩ ይምረጥ።

ደረጃ 4፦ ዕቃውን ክፈቱ

1. አዲስ ዕቃ ፍጠሩና ከላይ ያለውን ዓይነት ከ«ሲምፕል» ወደ «ቫሪያብል ፕሮዳክት» ቀይሩ።
2. «አትሪቢዩትስ» በሚለው ክፍል ሦስቱንም ከዝርዝሩ አምጡ፤ ለዚህ ቀሚስ የሚሆኑትን ምርጫዎች ብቻ አስገቡ።
3. በሦስቱም ላይ «ዩዝድ ፎር ቫሪዬሽንስ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ።
4. «ሴቭ አትሪቢዩትስ» ተጫኑ። ይህን ሳትጫኑ ወደሚቀጥለው ክፍል ከሄዳችሁ ምንም ነገር አይወጣም።

ጥለቱ ትእዛዙ ላይ ሳይጻፍ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ 3ኛው ነጥብ ስለተዘለለ ነው። ምልክት ያልተደረገበት አትሪቢዩት መግለጫ ሆኖ ይታያል እንጂ አይመረጥም።

ደረጃ 5፦ ቫሪዬሽኖቹን አውጡ

«ቫሪዬሽንስ» ውስጥ «ጄኔሬት ቫሪዬሽንስ» ተጫኑ። በአንድ ጊዜ እስከ 50 ያወጣል፤ እኛ የምንፈልገው 18 ነው። ወረቀቱ ላይ የሰረዛችኋቸውን ሦስቱን አጥፉ። ገና ምንም ስላልተሸጠ ማጥፋቱ ጉዳት የለውም። ሽያጭ ከጀመራችሁ በኋላ ግን አታጥፉ፤ «ኢኔብልድ» የሚለውን ምልክት አንሱ። ይደበቃል፣ የድሮው ትእዛዝ ግንኙነትም አይቋረጥም።

«ኤኒ» («የትኛውም» ማለት ነው) የሚለውን ምርጫ በጥንቃቄ ያዙት። «መነን፣ ትልቅ፣ ኤኒ» ብትሉ ሁሉንም ጥለት በአንድ ዋጋ ይሸፍናል፤ ሥራም ይቀንሳል። ነገር ግን ሲስተሙ ከላይ ወደ ታች እያየ መጀመሪያ የተስማማውን ይወስዳል። ኤኒ ያለበት ከላይ፣ «መነን፣ ትልቅ፣ ወርቃማ» ከታች ከሆነ ወርቃማው 400 ብር ሳይጨመርበት ይሸጣል። የተለየውን ጎትታችሁ ወደ ላይ፣ ኤኒውን ወደ ታች አድርጉ። በእኔ አስተያየት 15 ቫሪዬሽን ላለው ዕቃ ኤኒን ጨርሶ አለመጠቀም ይሻላል፤ የጥለቱ ክምችት ለየብቻ መታወቅ አለበትና።

ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር ስጡ፦ 2101፣ 2102 እያላችሁ። ሁለት ዕቃ አንድ ቁጥር አይያዝ። የጥለቱን ቀለም የሚያሳይ ፎቶም ለየቫሪዬሽኑ አስገቡ።

«ዲፎልት» በሚለው ቦታ መጠንን አስቀድማችሁ አትምረጡ። አስቀድሞ «መካከለኛ» ከተመረጠ ደንበኛዋ ሳታየው ታዝዛለች። ከጎንደር አዲስ አበባ ደርሶ በመጠን ምክንያት የሚመለስ ቀሚስ የሁለት ጊዜ መላኪያ ይበላል።

ደረጃ 6፦ ዋጋ አስገቡ

ወረቀቱን አጠገባችሁ አድርጉና አንድ በአንድ ሙሉውን ዋጋ በ«ሬጉላር ፕራይስ» ሳጥን ጻፉ፤ «ሴቭ ቼንጅስ» ተጫኑ። ዋጋ የሌለው ቫሪዬሽን ሊገዛ አይችልም፤ ቁልፉ የማይሠራበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ወዲያው የዕቃውን ገጽ ክፈቱና ከርዕሱ ሥር ያለውን የዋጋ ክልል ተመልከቱ። በእኛ ምሳሌ ትንሹና መካከለኛው እኩል ዋጋ ከሆኑ «4,600 – 7,300» መባል አለበት። ከወረቀቱ ትንሹና ትልቁ ቁጥር ጋር ካልገጠመ የሆነ ቦታ የተሳሳተ ዋጋ አለ። «300 – 7,300» ካያችሁ ዕቃውን ወዲያው ወደ «ድራፍት» (ለደንበኛ ወደማይታይ ረቂቅ) መልሱና አርሙ።

የበዓል ቅናሽ

የቅናሹ ዋጋ ከመደበኛው ማነስ አለበት፤ መደበኛው ሳጥን ደግሞ ባዶ መሆን የለበትም። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚገባው። ጥር 11 በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ጃንዋሪ 20 ነው። ለጥምቀት ወደ ጎንደር ለሚመጡ እንግዶች ከታኅሣሥ 22 እስከ ጥር 2 ቅናሽ ብታወጡ በሌሎቹ ዓመታት ዲሴምበር 31 እና ጃንዋሪ 10 ብላችሁ ትሞላላችሁ። ቅናሹ የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ የሚያበቃውም በመጨረሻው ቀን ማለቂያ፣ በዚያው ሰዓት። «ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ» ብላችሁ ካስተዋወቃችሁ ሌሊት የገባው ሰው ቀድሟችኋል። ከጥምቀቱ ሳምንት በፊት እንዲያልቅ ማድረጉም ለልብስ ሰፊው ፋታ ይሰጣል።

ክር ሲወደድ

የክርና የጥለት ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ሁሉንም ማስተካከል ይኖርባችኋል። «በልክ አክሽንስ» (ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየሪያ) ውስጥ በብር ወይም በመቶኛ መጨመር ይቻላል። ይህ ግን በዕቃው ሥር ያሉትን ቫሪዬሽኖች በሙሉ ይነካል፤ ፈትሉን ብቻ መርጦ አይጨምርም። በመቶኛ ስትጨምሩ ዋጋው ይሰባበራል፦ 4,900 ላይ 8.5 በመቶ ሲጨመር 5,316.50 ይሆናል። በብር መጨመር ይሻላል።

በፈትሉ ላይ ብቻ ለመጨመር ዕቃዎቹን በሲኤስቪ (በሠንጠረዥ የሚከፈት) ፋይል አውጡ፣ በጉግል ሺትስ ከፍታችሁ አርሙ፣ መልሳችሁ አስገቡ። ሁለት ነገር እንዳትረሱ። በኤክሴል ከሠራችሁ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» ብላችሁ አስቀምጡ፤ አለበለዚያ አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየርና ምርጫዎቹ ሁሉ ይበላሻሉ። ስታስገቡ ደግሞ ነባር ዕቃዎችን አድስ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። የመጀመሪያውን ፋይል ሳትነኩ ለብቻ አኑሩ፤ ከተበላሸ መመለሻችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 7፦ ክምችት

የተሰፋ ቀሚስ ከሆነ በየቫሪዬሽኑ «ማኔጅ ስቶክ» ላይ ምልክት አድርጋችሁ ብዛቱን ጻፉ። ከአንድ ጥቅል እየተቆረጠ የሚሸጥ ጨርቅ ከሆነ ግን ክምችቱን በዋናው ዕቃ ላይ ብቻ ያዙ።

ያልተከፈለ ትእዛዝ ዕቃውን ይዞ የሚቆየው በተለመደው ቅንብር 60 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ይሰረዛል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ቴሌብር ላይ ሊከፍል የሞከረ ደንበኛ ከዚህ በላይ ሊቆይ ስለሚችል ሰዓቱን ከፍ አድርጉት። ፒያሳ ወይም ቅዳሜ ገበያ ያለው ሱቃችሁ ከዚሁ ክምችት የሚሸጥ ከሆነ ሱቅ ውስጥ የተሸጠውን በዚያው ዕለት ቀንሱ። አንድ ፈትል ቀሚስ ለሁለት ሰው መሸጥ ስም ያጠፋል።

ደረጃ 8፦ ስም ማስጠለፍና በልክ ማሰፋት

ለዚህ ተጨማሪ አማራጭ የሚያስገባ ፕለጊን (በሱቁ ላይ የሚጫን ተቀጥላ ፕሮግራም) ጫኑ። ከቫሪዬሽን በተቃራኒ እዚህ የሚጻፈው ልዩነቱ ነው፦ ጥልፍ 350 ከሆነ 350 ይጻፋል። በልክ ለሚሰፋ ቀሚስ ቁመት፣ ደረትና ወገብ በሴንቲ ሜትር የሚሞላባቸው የግዴታ ሳጥኖች አድርጉ፤ ፊደል እንዳይቀበሉ ቁጥር ብቻ የሚል ምረጡ። ከዚያ አንድ ትእዛዝ ሞክሩና ልኩ በጋሪው፣ በትእዛዙ ገጽና በሚላከው ኢሜይል ላይ በሦስቱም መውጣቱን አረጋግጡ። ጋሪው ላይ ታይቶ ትእዛዙ ላይ የሚጠፋበት ፕለጊን ካጋጠማችሁ ቀይሩት፤ ልብስ ሰፊው የሚያየው ትእዛዙን ነው።

ደረጃ 9፦ ጋሪውና መላኪያው

ደንበኛ ጋሪ ውስጥ ዕቃ ትቶ በማግስቱ ቢመለስ ዋጋው የዛሬው ይሆናል፤ ጋሪው ዋጋን ሁልጊዜ ከዕቃው ያነባል። የታዘዘ ትእዛዝ ግን በታዘዘበት ዋጋ ይጸናል። ስለዚህ ዋጋ የምትጨምሩት ገዢ በማይበዛበት ሰዓት ይሁን፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው።

ገጽ የሚያፈጥን የካሽ ፕለጊን (የገጹን ቅጂ አስቀምጦ የሚያሳይ) ካላችሁ የጋሪውን፣ የመክፈያውንና የደንበኛ መለያውን ገጽ ከካሽ አስወጡ። ካልሆነ አንዱ ደንበኛ የሌላውን ጋሪ ወይም የትናንቱን ዋጋ ሊያይ ይችላል።

መላኪያን በቀሚሱ ዋጋ ውስጥ አትደብቁት። «ከሱቅ እወስዳለሁ»፣ «ጎንደር ከተማ»፣ «አዘዞ»፣ «ከጎንደር ውጭ» ብላችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። ጋቢና ፈትል ስለሚከብዱ ክብደታቸውን በቫሪዬሽኑ ላይ ሙሉ።

ደረጃ 10፦ ሳታስተዋውቁ ፈትኑ

ሱቁን በራሳችሁ ስልክ፣ በመለያችሁ ሳትገቡ፣ በግል መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ክፈቱ። በጣም ርካሹን፣ በጣም ውዱንና የሰረዛችሁትን ጥምረት ምረጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከወረቀቱ ዋጋ ጋር በሳንቲም መግጠም አለባቸው፤ ሦስተኛው ጨርሶ መመረጥ የለበትም። አንዱን እስከ ክፍያ ድረስ ውሰዱና በትእዛዙ ላይ ጨርቅ፣ መጠን፣ ጥለት መጻፉን እዩ።

ችግር ሲፈጠር

«ዕቃው የለም» ይላል፣ ክምችት ግን አለ። ቫሪዬሽኖቹ ዋጋ የላቸውም፣ ወይም «ኢኔብልድ» አልተደረጉም።

«ይቅርታ፣ ከምርጫዎ ጋር የሚስማማ ዕቃ የለም» ይላል። ጥምረቱ አልተፈጠረም፤ ወይም ስለግ ተቀይሯል። ቫሪዬሽኑን ክፈቱ፤ የምርጫው ቦታ ሳይታሰብ «ኤኒ» ሆኖ ካገኛችሁት መልሳችሁ ምረጡና አስቀምጡ።

ገጹና ጋሪው የተለያየ ዋጋ ያሳያሉ። መጀመሪያ ካሹን አጽዱ። ካልተስተካከለ የግብር ቅንብሩን እዩ፤ ገጹ ያለ ቫት፣ ጋሪው ከነቫት እያሳየ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ልክ 15 በመቶ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ።

ቅናሹ አልጀመረም። የሰዓት ክልሉን፣ ከዚያ ካሹን፣ ከዚያ የቀኑን አቆጣጠር በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ።

ሱቁን በራሱ ኮድ የጻፈላችሁ ባለሙያ ካለ። ሦስት ነገር ጠይቁት። ዋጋው ከደንበኛው ገጽ ነው የሚላከው ወይስ ሰርቨሩ ራሱ ከመዝገቡ ያነባል? ከገጹ የሚላክ ከሆነ ማንም ሰው 7,300ን 73 አድርጎ ሊልክ ይችላልና ሱቁን አትክፈቱ። ገንዘቡ የሚቀመጠው በሙሉ ቁጥር በሳንቲም ነው? በነጥብ ቁጥር የሚሰላ ከሆነ ድምሩ በሳንቲም ይዛነፋል። ሲታዘዝ የነበረው ዋጋ ከትእዛዙ ጋር ተጽፎ ይቀራል? ካልተጻፈ ነገ ዋጋ ስትጨምሩ የትናንቱ ደረሰኝ አብሮ ይቀየራል።

የተከፈለው ከትእዛዙ ያንሳል። በተላከላችሁ የስክሪን ፎቶ አትመኑ፤ ፎቶ ይቀየራል። የራሳችሁን የቴሌብር ወይም የባንክ ሂሳብ ክፈቱ፣ የግብይት ቁጥሩንና መጠኑን ከትእዛዙ ጠቅላላ ድምር ጋር አስተያዩ። ካነሰ ትእዛዙን «ኦን ሆልድ» ላይ አቆዩትና ለደንበኛው ደውሉ። ገጹ ላይ የተሳሳተ ዋጋ አይቶ ከፍሎ ከሆነ ያየውን ዋጋ አክብራችሁ ላኩለት፤ ዕቃውን ግን ከመላካችሁ በፊት ዋጋውን አርሙት፤ ቀጣዩ ደንበኛ በዚያው ዋጋ እያዘዘ ሊሆን ይችላል።